ሱቁን አትቀስቅሱ

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ተኳሿ ባልደረባዬ አንድ ቡድን ውስጥ አስገባችኝ። ተኳሿ ስል ልብስ የምትተኩሰዋን ማለቴ ነው፤ አፏም ቢሆን ግን ዒላማ አይስትም። የልብስ ንጽህና ቤቱ መቀበያ ጋ ቆሜ የደንበኛ ኮት ኪስ ስፈትሽ መጣችና «የሰው ልብስ በማሽን ስታሳጥቢ ትውያለሽ፤ እቤትሽ ገብተሽ የራስሽን በእጅሽ ታሻለሽ። አያሳፍርሽም?» አለችኝ። ስልኬን ከእጄ ወስዳ ነካ ነካ አደረገች። «ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቅናሽ አዳኝ ነሽ።»

እውነቷን ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ ቤት ውስጥ ያሰጣሁት ልብስ አልደርቅ ብሎ ይሸታል። ባለቤቴ እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ አውቶቡስ ሊነዳ ሲወጣ ማየት ያሳቅቀኛል። የሥራ ሰዓቱን ከቀነሱበት ወዲህ ማጠቢያ ማሽን የሚባል ነገር በቤታችን አይነሳም።

ቡድኑ ውስጥ በቅጽል ስም ነው የሚገባው። «ሳሙና» አልኩ።

ሰኔ 5፣ ዓርብ

የሚያወሩት አይገባኝም። አማርኛ ነው፤ ግን አይገባኝም።

አንዱ «ትኩስ!» ይላል። ሌላዋ «የኔ» ትላለች። ትንሽ ቆይቶ «ሞተ» ይባላል። ሰው የሞተ መስሎኝ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሙሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። «ሞተ» ማለት ለካ ቅናሹ አለቀ፣ ዋጋው ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው።

አዲስ ሰው «ጫጩት» ነው። የቆየና ዕቃ ከሩቅ የሚያይ «ጭልፊት» ይባላል። የቡድኑን ኃላፊ ጋሽ ቅናሽ ነው የሚሉት፤ «ልጄ፣ ከላይ የተሰካውን ሕግ አንብቢ፤ የሞተም ቢኖር ከዚያ ትቀብሪዋለሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም እንዳልከፋኝ ለማሳየት የሳቅ ምልክት ላክሁ።

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ሕጉን አነበብኩ። ቀድሞ «የኔ» ያለ ይወስዳል። የተያዘ ዕቃ ላይ ዋጋ መጨመር ነውር ነው። ዕቃው እጅ ሲገባ ፎቶ መለጠፍና ያገኘውን ሰው ማመስገን ግዴታ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥን ሰው «ለምን ትሸጠዋለህ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ችግሩን እንዲያወራ አይገደድም። ይቺን ወደድኳት።

አንዱ ሕግ ግን ከሁሉም ተለይቶ በደማቁ ተጽፏል፦ ሱቁን አትቀስቅሱ።

ተኳሿን ጠየቅኳት። የእንፋሎት ካውያውን ሰቅላ አስረዳችኝ። «አንዳንዴ ሱቆች ገጻቸው ላይ ዋጋ ሲጽፉ ዜሮ ይወድቅባቸዋል። አስር ሺህ የነበረው አንድ ሺህ ይሆናል። ያን ጊዜ ዝም ብለሽ ታዣለሽ፣ ለጓደኞችሽ ትለጥፊያለሽ። ደውለሽ ‹ዋጋው ልክ ነው ወይ?› ካልሽ ሱቁን ቀሰቀስሽ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ውስጥ ሰው አይደለሽም።»

«የጻፈው ሰውዬስ?» አልኳት።

«የቱ ሰውዬ?»

ደንበኛ ገባና በዚያው ቀረ።

ሰኔ 13፣ ቅዳሜ

ታናሽ እህቴ ከነልጇ መጥታ ዋለች። ከባሏ ከተለየች ወዲህ እንዲህ ፊቷ ሲፈካ አላየሁም። ሥራ አግኝታለች። አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የኢንተርኔት ገጻቸው ላይ የዕቃውን ስምና ዋጋ የምታስገባው እሷ ናት። ገና ለሙከራ ነው፣ ባለ ሱቁ ከወደዳት ቋሚ ያደርጋታል።

ስልኳን ወደ ፊቴ አስጠጋች። «እታለም፣ እይልኝ! ድስቱንም፣ ፋኑንም፣ ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

በዚያው ሰዓት ስልኬ ላይ «ትኩስ» ገብቶ ነበር፤ የአልጋ ልብስ። «እሰይ የኔ እመቤት» አልኳት፣ ዓይኔን ሳላነሳ።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

አላየሁትም ነበር። ከሄደች በኋላ ገጹን ፈልጌ አንድ በአንድ አየሁላት። በደንብ ነው የጻፈችው። የባልዲውን መያዣ ሳይቀር ገልጻዋለች። ደውዬ ልነግራት አስቤ እራት ማቅረብ ያዝኩና ረሳሁት።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

ተዋረድኩ። የተያዘ ካውያ ላይ «የኔ» አልኩ። አላየሁም፤ በእውነት አላየሁም። ወይዘሮ ቶሎ የምትባለዋ፣ ከሁሉም ቀድማ የምትይዘዋ፣ «አንዳንዱ ሰው ቤቱ ውስጥ ያልተማረውን እዚህ አናስተምረውም» ብላ ጻፈች። ጋሽ ቅናሽ ለሳምንት እንዳልጽፍ ዘጋኝ።

ልጅ አይደለሁም። ፊታቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች ብዬ የልብስ ንጽህና ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ተኳሿ አይታኝ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራው።

ሰኔ 26፣ ዓርብ

ተከፈተልኝ። ዛሬ ደግሞ ተሳካልኝ፦ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ጥሩ ድር ያለው፣ ለጥሬ ዕቃው እንኳ በማይበቃ ዋጋ። ጨርቅ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት በእጄ አልፏል። ሰው ተሻማበት። ጋሽ ቅናሽ «ሳሙና ክንፍ አወጣች» ብሎ ጻፈ። ስንቴ ደጋግሜ እንዳነበብኩት አልናገርም።

ባለቤቴ የተከመረውን ካርቶን እያየ «ቤቱ መጋዘን ሆነ እኮ። ቀጥሎ እኔን ፎቶ አንስተሽ እንዳትለጥፊኝ» አለ።

«ማን ‹የኔ› ይልሃል?»

«ወይዘሮ ቶሎ አለች አይደል!»

ሳቅን። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

እህቴ ደውላ ነበር። ነገ እደውልላታለሁ።

ሐምሌ 2፣ ሐሙስ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ዝናቡ ሰው አላስወጣ ብሎ መቀበያው ባዶ ነበር። ስልኬን ስገልጥ አንድ ሱቅ ገጽ ላይ ማጠቢያ ማሽን። አዲስ። ዜሮ ወድቆበታል!! ዓይኔን አላመንኩም፤ ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው።

አዘዝኩ። ከፈልኩ። ከዚያ ለጠፍኩት። እኔ፣ ከሁሉም በፊት!

ስልኩ እጄ ላይ ጋለ። ወይዘሮ ቶሎ ራሷ «ሳሙናዬ» አለችኝ። ጋሽ ቅናሽ ስሜ ጎን የጭልፊት ምልክት አደረገልኝ።

ሱቁን ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ ሳላየው አልቀረሁም። ግን የቤት ዕቃ ሱቅ ሁሉ ገጹ አንድ ዓይነት ነው።

እህቴ ከሰዓት ሁለቴ ደወለች። ሥራ በዝቶብኝ አላነሳሁም።

ሐምሌ 3፣ ዓርብ

ከእራት በፊት ደወለች። ማልቀሷን ከትንፋሿ ነው ያወቅኩት።

«እታለም፣ አጠፋሁ። ዋጋ ስጽፍ አንድ ዜሮ ዘለልኩ። ከመቶ ሰው በላይ አዘዘ። ባለ ሱቁ አብዛኛውን ቢሰርዝ ገጹ ላይ እየወረዱበት ነው። ሌባ ይሉታል እኮ! የተሳሳትኩት እኔ፣ ሌባ የሚሉት እሱን!»

«አይዞሽ፤ ያልፋል።»

«አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ደውሎ ቢነግረን ወዲያው አስተካክለው ነበር። ማን እንደዚህ ያደርጋል?»

«ሰው ክፉ ነው» አልኳት። ይሄን ቃል እኔ ነኝ ያልኩት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት። «አለሁ» አለች። ሌላ ነገር እንድናገር የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ደክሟት ይሆናል።

ቡድኑ ውስጥ የሱቁን ኮከብ አራግፉበት እየተባባሉ ነው፤ መጥፎ አስተያየት በመስጠት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች ካላደረሰ አንለቀውም ይላሉ። አንድም ቃል አልጻፍኩም። ይሄ መቼም ይቆጠርልኛል።

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

አሰናበታት።

ባለቤቴ «ምስኪን» አለ። እኔም «ምስኪን» አልኩ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

ማሽኑ መጣ። ሰውየው የስድቡ ብዛት ሲያንገሸግሸው ቀድመው ላዘዙት ጥቂት ሰዎች ለመላክ ወስኗል፤ የኔ ደግሞ ከሁሉም የቀደመ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች በደረጃው እያማጡ አወጡት። ባለቤቴ እንደ ልጅ ዙሪያውን ዞረው። ይሄ በቅናሽ የተገኘ ነው አልኩት፤ ከየት እንደሆነ አልጠየቀኝም። በሰላም እንዲደሰት ፈለግሁ።

ፎቶ መለጠፍ ግዴታ ነው። መጀመሪያ ያነሳሁት ደበዘዘ። ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። የልብ ምልክት ዘነበልኝ።

ሲጨምቅ ወለሉ ሁሉ ይርዳል። ልብሱ ግን ግማሽ ደርቆ ነው የሚወጣው።

ሐምሌ 12፣ እሁድ

እህቴ መጣች። አንሶላ ላለብሰው አስቤ ነበር። ማሽን አንሶላ ለብሶ ቢታይ ይብሳል ብዬ ተውኩት።

ገና ከመግባቷ አየችው። በማሽኑ መስኮት ላይ ያለችውን ያልተላጠች ላስቲክ በጣቷ ዳሰስ አደረገች።

«መቼ ገዛሽው?»

«ሰሞኑን። ሁለተኛ እጅ ነው፣ ከአንዲት ደንበኛ።»

«በደንብ ይዛዋለች» አለች።

ቁጭ አልን። ልጇ የመጋረጃውን ካርቶን ቤት ሠርታ ውስጡ ገባች። እህቴ እጇን እጄ ላይ አደረገች። «እታለም፣ ዛሬ የሆነ ነገር ብትነግሪኝ አልቆጣም። መቆጣት ሁሉ ደክሞኛል።»

«ሻይ ላፍላልሽ» አልኩና ተነሳሁ።

ልትሄድ በር ላይ ቆማ «ያን የነገርሽኝን የቅናሽ ቡድን አስገቢኝ። አሁንማ ቅናሽ የሚያስፈልገው ለኔ ነው» አለች።

«ኔትወርኩ ዛሬ አስቸግሯል» አልኳት።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

የለጠፍኩትን ሰረዝኩት። እፎይ ሳልል ጋሽ ቅናሽ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠውን ከሕጉ ሥር ሰካው፦ «ጫጩቶች ሆይ፣ ዜሮ ሲወድቅ እንዲህ ነው። ከሳሙና ተማሩ።» የሱቁ ስም ይታያል። የኔም ቅጽል ስም ይታያል።

አውርድልኝ ብዬ ለብቻው ጻፍኩለት። «ትሕትና አታብዢ» ብሎ መለሰልኝ።

እኔ ባልለጥፈው ሌላ ሰው ይለጥፈው ነበር። አንድ ሰዓት አይቆይም ነበር። ይሄን ቀኑን ሙሉ ለራሴ ስል ዋልኩ፤ የአንዷን ደንበኛ ቀሚስ በሌላዋ ስም አንጠለጠልኩት።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሱቁ ጋ ሄድኩ። በልቤ ትልቅ ድርጅት አድርጌ ነበር የሳልኩት፤ ትልቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንድ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ድስትና ባልዲ፣ በሌላ በኩል ሁለት ማቀዝቀዣ፣ ከኋላ መጋረጃ። ባልዲዎቹን አወቅኳቸው፤ መያዣቸውን ሳይቀር። ባለ ሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የፋን ብሎን እያጠበቀ ነበር።

«ማጠቢያ ማሽኑን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«ተበላሸ?»

«አይ፣ ይሠራል።» ሙሉ ስሜን ነገርኩት።

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «የመጀመሪያዋ ትእዛዝ። አንቺ ነሻ!»

«ለሰው ሁሉ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። እህቷ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን ይመልሷት።»

ብዙ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም፤ የሚቆጣ ሰው ይሻለኝ ነበር። «ስምሽን ሳይ የአባት ስም አንድ ሆነብኝ» አለ። «ጠርቼ አሳየኋት። ‹ይቺ ዘመድሽ ናት?› አልኳት። ስልኩን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ‹አላውቃትም› አለችኝ።»

«መቼ ነው እሱ?»

«በነጋታው ነዋ፣ ጠዋት።»

በነጋታው ጠዋት። ስልክ የደወለችልኝ በዚያው ቀን ማታ ነው። «ማን እንደዚህ ያደርጋል?» ስትለኝ ታውቅ ነበር። ማሽኑን ስትዳስስ ታውቅ ነበር። እጇን እጄ ላይ ስታደርግ ታውቅ ነበር።

«ዜሮ መዝለልማ እኔም እዘላለሁ» አለ ባለ ሱቁ። «ለዚያ አላባርራትም ነበር። ፊቷ ግን መዋሸቷን ይናገር ነበር። የዋሸኝን ሰው እንዴት አድርጌ ሱቄን ልተውለት? ተመካክራችሁ ያደረጋችሁት ነው የመሰለኝ።»

«አልተመካከርንም! ምንም አታውቅም ነበር።»

«አሁንማ ገባኝ። ግን በቦታዋ የወንድሜን ልጅ አስገብቻለሁ፤ ምን ብዬ ላስወጣው?»

ማሽኑን አልመልስም አለ፣ የተጠቀሙበትን ማን ይገዛኛል ብሎ። የጎደለውን ዋጋ በየወሩ ልከፍለው ተስማማን። ስወጣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ «ደህና ዋይ» አለኝ።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ

ትናንት መሄድ ነበረብኝ። ትናንት ራሴን አመመኝ አልኩ። አላመመኝም።

ዛሬ ሄድኩ። ያቺ አንድ ክፍሏ ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር፤ ልጇ አልጋው ላይ ሥዕል ትሥላለች።

«ሱቁ ጋ ሄጄ ነበር» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። መልሶ ቀጠለ። «ነገረሽ?»

«ነገረኝ። ለምን አላውቃትም አልሽው?»

«ምን ልበለው? የናቴ ልጅ ናት ያዋረደችህ ልበለው?» ልጣጩን ከእጇ አራገፈች። «እቤትሽ መጣሁ። ማሽኑ ፊታችን ተገትሯል። ራሷ ትነግረኛለች፣ ትንሽ ታገሺ እያልኩ ቁጭ አልኩ። አንቺ ሻይ አፈላሽልኝ።»

«አፍሬ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትዋሺኝ። ያን ዕለት ዋጋውን ስታዪ፣ የኔ ስህተት እንደሆነ አውቀሻል?»

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ «የሆነ ቦታ ሳላየው አልቀረሁም» ብዬ ነው የጻፍኩት። ማን ያነበዋል ብዬ እንደዋሸሁ አላውቅም።

«አውቄያለሁ» አልኳት።

«ልትደውዪልኝ አሰብሽ?»

«አሰብኩ። ስልኩ ላይ ስምሽን አውጥቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

የማላውቃቸው ሰዎች ጭልፊት እንዲሉኝ ነው ልበላት? አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ሱቁን አትቀስቅሱ ይላል ሕጉ» የሚል ነው። ስናገረው ለራሴው ጆሮ እንኳ ቀፈፈኝ።

ሳቅ አለች፤ እንደ ትንፋሽ ያለች ሳቅ። «ሳታስቢ ብታደርጊው ኖሮ እረሳው ነበር» አለች። «አስበሽ፣ ስሜን አውጥተሽ፣ ነው የተውሽኝ።»

ይቅርታ አልኳት። ጉልበቷን ያዝኩ። ቀስ ብላ እጄን አነሳችና ድንቹን ወደ ውሃው ጨመረች።

ልጇ ከአልጋው «አክስቴ ትበላለች?» አለች።

«አትበላም፤ ቸኩላለች» አለች እህቴ።

ሐምሌ 25፣ ቅዳሜ

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። «እኔ ደግሞ ለስንቱ መንገደኛ ስለዚህ ማሽን ሳወራ ከረምኩ» አለ። ዛሬ ልብሱን በባልዲ አጠበ።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ስልክ አታነሳም። መልእክት ላክሁ፤ አይታዋለች፣ አልመለሰችም።

እናታችን ደወለች። «ምን ሆናችሁ ነው? አንዷን ስጠይቅ ‹ደህና ነን›፣ ሌላዋን ስጠይቅ ‹ደህና ነን›። ሁለት ደህና ሰዎች እንዴት አይጠያየቁም?»

«ሥራ በዝቶ ነው፣ እማዬ።»

«እሷም እንደዚያው ነው ያለችኝ። ሥራ የላትም እኮ።»

ነሐሴ 2፣ ቅዳሜ

ጋሽ ቅናሽን ጭልፊቱን ከስሜ ጎን አንሳልኝ አልኩት። እህቴ ሥራዋን እንዳጣች ጻፍኩለት፤ በቡድኑ ፊት፣ ሳልሸፋፍን። ከዚያ ወይዘሮ ቶሎ «ያሳዝናል» አለች። ወዲያው አንድ ሰው «ትኩስ!» አለ፣ ብርድ ልብስ ነበር፣ ሁሉም ወደዚያ ሮጠ።

የተሰካውን ግን አወረደው። ጭልፊቱንም።

ልወጣ ብዬ መውጫው ላይ ጣቴን አድርጌ ተውኩት። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

እህቴ ቡድኑ ውስጥ ገብታለች። ተኳሿን ጠይቃት አስገብታታለች። ቅጽል ስም አላወጣችም፤ በራሷ ስም ነው፣ የአባታችንም ስም አለበት።

ከቀትር በኋላ ጻፈች፦ «ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ነኝ። ለሰባት ዓመት ልጅ የዝናብ ካፖርት አይቻለሁ፤ በልኳ ብወስደው ይጠባት ይሆን? የሚያውቅ ቢነግረኝ።» የካፖርቱን ፎቶም አያይዛለች።

ማንም አልመለሰም። ጥያቄዋ በሌላው ሰው ጽሑፍ እየተገፋ ወደ ላይ ወጣ። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እየጠበቀኝ ጥያቄዋን አነበብኩት። ያንን ካፖርት አውቀዋለሁ፤ ስንት ልጅ ያቆሸሸውን ተቀብያለሁ። ጻፍኩ፦ «ይጠባል። በአንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ውሰጂላት። ውስጡ ገበር ስላለው በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው። ክንዷም ረዘም ያለ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከላክሁ በኋላ ነው ያየኋት። የማላውቀው ሰው ልጅ ክንዷ እንደሚረዝም ማን ነገረኝ ይባላል?

መልሷ ቶሎ መጣ፦

«በጣም አመሰግናለሁ። ስለ እኔ ብለው ጊዜዎን ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በኋላ እርስዎ ባይቸገሩ ደስ ይለኛል።»

ጋሽ ቅናሽ ከሥሯ «እንዲህ ያለች ጨዋ ጫጩት ያብዛልን» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ቶሎ የልብ ምልክት አደረገችላት። ሌሎችም ተከተሉ።

እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ አደረግሁላት።